በዐፄ ጽጌ ዖም ሞት የተጠራ አውጫጭኝ

ሦስት ሺህ ዓመት የኖረው የኤልፎች ንጉሥ፣ ዐፄ ጽጌ ዖም፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በወይዘሮ እመቤቴ ሳሎን ሞተ። የገደለችው የወይዘሮ እመቤቴ ልጅ ሠናይት ናት። ይህን ከራሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የተቀረው ሰው ሁሉ ገዳዩ እጮኛዋ ዘላለም ነው ብሎ አምኗል። ሠርጋቸው ደግሞ በስምንተኛው ቀን፣ በቅበላው እሑድ ነበር። እሱ እሑድ ካለፈ ጾም ይገባል፤ እስከ ፋሲካ ሠርግ ብሎ ነገር የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሠናይት ባሕር ዳር ፋርማሲ ስትማር ከማደሪያ ጓደኞቿ አንድ ጨዋታ ተምራ መጣች። ጨዋታው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚጫወቱት ነው። አንዱ ታሪክ ይተርካል፤ ሌሎቹ በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ይሆናሉ። «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ያለ ሰው ሃያ ፊት ያለው፣ በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት ዳይስ ይጣልለታል። ቁጥሩ ከበዛ በሩ ይሰበራል፤ ካነሰ ትከሻው ይሰበራል። ይኸው ነው። እንግዲህ ለዚህ ብሎ ደም የሚቃባ ሰው አለ ወይ ቢባል፣ አለ፤ ደብረ ታቦር ውስጥ አለ።

ተራኪዋ ሠናይት ነበረች። ታላቅ ወንድሟ አድማሱ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ የኤልፎች ንጉሥ ሆነ። ኤልፍ ማለት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው የሾለ፣ በጫካ የሚኖርና ሞት የሚዘገይበት ፍጡር ነው። አድማሱ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ስለነበር ለንጉሡ በግዕዝ ስም አወጣለት፤ ጽጌ ዖም፣ የዛፍ አበባ ማለት ነው። ዘላለም ደግሞ ኦርክ ሆነ። ኦርክ ሰፊ ትከሻ፣ አረንጓዴ ቆዳ፣ ከከንፈር ያለፈ የታች ጥርስ ያለው፣ ስሙ ሲነሣ ሕፃን የሚያለቅስበት ተዋጊ ነው። ዘላለም በተፈጥሮው ዝንብ የማይነካ፣ ሥራውም የታመመ ከብት ማከም የሆነ ልጅ ስለሆነ ይህ ሁሉ አስፈሪነት በጣም ደስ አለው። ኦርኩን «ገመሬ» አለው። ባንክ የምትሠራው ጓደኛቸው ቤዛዊት ድንክ መጥረቢያ ተሸካሚ ሆነች። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲዋጉ ኖሩ።

ሦስት ዓመት ሙሉም ያሸነፈው አድማሱ ነበር። ንጉሡ ያዝዛል፣ ንጉሡ ይከለክላል፣ ንጉሡ ከጫካው ማንም እንዳይወጣ ያውጃል። ዘላለም በዳይስ አወራወር ያጭበረብራል ብሎ በመጠርጠሩም አንድ ሕግ አስወጣ፤ ተጫዋች ከተጫዋች ጋር በተዋጋ ጊዜ ዳይሱን የምትጥለው ሠናይት ራሷ፣ ከፊቷ ባቆመችው የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ፣ ማንም በማያይበት እንድትሆን።

በዚያ ቅዳሜ ገመሬ ዘሎ ንጉሡ ላይ ሰይፍ ሰነዘረ። ሠናይት ከካርቶኑ ጀርባ ዳይሱን ጣለች። ዳይሱ ተንከባለለ፣ ተንከባለለና በሦስት ቆመ። ሦስት ማለት የገመሬ ሰይፍ ንጉሡን ቀርቶ የለበሰውን ቅጠልም አልነካም ማለት ነው።

«ሃያ!» አለች ሠናይት።

አፏ ነው ያለው። ለምን እንዳለች ያን ጊዜ ብትጠየቅ መልስ አልነበራትም። ዳይሱን ግን ማንም ሳያየው አንሥታ ጨበጠችው።

አድማሱ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «እስኪ ድገሚው» አለ። ቀጥሎ ተነሣና ቁልቁል ዘላለምን አየው። «ለንጉሥ ገዳይ እህቴን አልሰጥም» አለ። ቤዛዊት ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። አድማሱ ግን መኝታ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ እራት ሲባልም አልወጣም።

ሰኞ ጺሙን ሳይላጭ፣ ጥቁር ሹራብ ለብሶ ትምህርት ቤት ሄደ። ባልደረቦቹ ምን ሆነሃል ቢሉት «ትልቅ ሰው ሞተብኝ» አለ። ውሸት አልነበረም፤ ንጉሡ ቁመቱ ሁለት ሜትር ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት የመምህራኑ ግማሽ ሐዘን ሊደርስ መጥቶ ሳሎን ሞላ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጌጤ ከበሩ ጀምራ ደረቷን እየደቃች ገባች።

«ዕድሜያቸው ስንት ነበር የኔ ልጅ?» አለችው አድማሱን እንባዋን እየጠረገች።

«ሦስት ሺህ ዓመት።»

«እንግዲያውስ ጠግበዋል፤ ይበቃቸዋል፤ አንተም ተጽናና» አለችና ቁጭ አለች።

የዕድሩ ሊቀ መንበር ደግሞ ሰው ላከ። ድንኳኑ አንድ ነው፤ ለእሑዱ ሠርግ ተይዟል፤ አሁን ሐዘን ሰማን፤ የሚተከለው ለየትኛው ነው? ሲል ጠየቀ። ሠናይት ይህን ስትሰማ ማድቤት ገብታ በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። ጠላው ተጠምቋል። ሚዜዎቹ ልብስ አሰፍተዋል። የዘላለም አባት ከአንበሳሜ ዘመድ ሁሉ ጠርተዋል። ወንድሟ ግን አባታቸው በሞቱበት በአሥራ ሁለት ዓመቷ እጇን ይዞ ያሳደጋት ሰው ነው፤ እሱ ቆሞ ካልሰጣት የሚሰጣት የለም። «እኔ ነኝ የገደልኩት» ማለት ነበረባት። ሦስት ጊዜ እበሩ ድረስ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመለሰች።

እናትየዋ ወይዘሮ እመቤቴ በበኩላቸው ጊዜ አላጠፉም።

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው። በካርቶንና በዳይስ የሚጫወቱት ነገር ነው» አለቻቸው ሠናይት።

«ጨዋታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሦስት ዓመት ቆሎ ያቀረብኩላችሁ እኔ አይደለሁም? የሞተውን አላውቀው። የተኳረፉትን ግን አንዱን ወልጄዋለሁ፣ ለአንዱ ልድርሽ ነው። ሽማግሌ ይግባ!»

ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌ ገባ። አንደኛው የቤቱ የንስሐ አባት ቄስ ሙላቴ ናቸው። ሁለተኛው አያ ጥላዬ ናቸው፤ ከከተማው ጫፍ የሚያርሱ ገበሬ፣ ደም በማስታረቅ ከጋሳይ እስከ አንበሳሜ ስማቸው የሚጠራ። ሁለቱ ሃያ ዓመት አብረው ሲያስታርቁ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ግቢው ውስጥ ፀሐይ በሚመታበት በኩል አግዳሚ ወንበር ተሰጣቸው። አድማሱ በቀኝ፣ ዘላለም በግራ ቆመ። ሠናይት፣ ታሪኩን የምታውቀው እሷ ስለሆነች፣ መሐል ላይ ቆማ እንድታስረዳ ታዘዘች።

«በመጀመሪያ፣ ሥርዓት ሥርዓት ነው» አሉ አያ ጥላዬ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ሰው የሚኳረፍበት ምክንያት ትልቅ ይሁን ትንሽ እኛ አንመዝንም። ገዳይ አለ፣ ሟች አለ። በሁለቱ ወገን መካከል ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳናውቅ እርቅ አናወርድም። እስቲ እነዚህ ኤልፎች የሚባሉት፣ ያርሳሉ?»

«አያርሱም አያ ጥላዬ» አለች ሠናይት።

«ከብት አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ?»

«ፍሬ። ቅጠል። አንዳንዴ ትንሽ ቂጣ አለቻቸው፤ አንድ ጉርሻ ከበሉ ሳምንት ያቆያቸዋል።»

«የማይታረስ ከሆነ ዱቄቱ ከየት መጣ?»

ሠናይት ሦስት ዓመት ተርካለች፤ ይህን ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። አድማሱን አየችው። አድማሱ ጫማውን አየ።

«ሥጋ አይበሉም ነው ያልሽኝ?» አሉ ቄስ ሙላቴ ጠጋ ብለው።

«ፈጽሞ አይበሉም አባቴ።»

«ወተትስ?»

«እሱንም።»

«በዓል የለ፣ ፍስክ የለ፣ ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ።»

ቄስ ሙላቴ መስቀላቸውን ጨብጠው ወደ አያ ጥላዬ ዞሩ። «ሰማህ? ዓመቱን ሙሉ ጾመኛ፤ መኖሪያቸው ጫካ። ጣራ ገዳም ያሉ መነኮሳትም ከዚህ በላይ አይጾሙም!»

«ቆይ እንጂ አባ፣ ገና አልጨረስኩም» አሉ አያ ጥላዬ። «ንጉሡ ሦስት ሺህ ዓመት ኖሩ ነው የተባለው። ልጅ አላቸው?»

«አንድ ልጅ አለው» አለ አድማሱ። ሽማግሌ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ዕድሜው ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ነው።»

«እና ይህ ልጅ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ዓመት ርስት ሳይካፈል፣ ጎጆ ሳይወጣ አባቱ ቤት ቁጭ ብሏል?»

«እ... አዎ።»

አያ ጥላዬ ራሳቸውን ያዙ። አራት ልጆች አሏቸው፤ ትንሹ መሬት ይቆረስልኝ ብሎ ካኮረፋቸው ሁለት ወሩ ነው። «ይህስ ቤት ጤና የለውም» አሉ። «በል አንተ ልጅ፣ ያንተዎቹስ? ኦርኮቹ። ያርሳሉ?»

«አያርሱም» አለ ዘላለም አንገቱን ደፍቶ። «ይዘርፋሉ።»

«ለምን ይዘርፋሉ?»

«መሬት የላቸውማ። የሚኖሩት ተራራው ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ነው። አይበቅልበትም።»

«ከዚያ በፊትስ የት ነበሩ?»

ዘላለም ወደ ሠናይት አየ። አድማሱም ወደ ሠናይት አየ። ሠናይት ጉሮሮዋን ጠረገች። «ድሮ... ከጫካው ሥር ሜዳው ላይ ነበሩ መሰለኝ። ከዚያ ተባረሩ።»

«ማን አባረራቸው?»

«ኤልፎቹ» አለች በቀስታ።

«አሃ!» አሉ አያ ጥላዬ ብድግ ብለው። «አሃ! ሜዳውን አጥሮ፣ ሰውን ድንጋይ ላይ ጥሎ፣ ጾመኛ ነኝ ብሎ መቀመጥ! እኔኮ ገና ከጅምሩ ይሸተኝ ነበር!»

«ሰው ተገድሏል ጥላዬ!» አሉ ቄስ ሙላቴም ተነሥተው። «ንጉሥ ተገድሏል!»

«ግጦሹስ? ግጦሹን ማን ይመልስ?»

«ጥርሱ ውጭ የሆነ ዘራፊ ደግሞ ግጦሽ ምን ይሠራለታል?»

«ለምን ጥርሱን ታነሣለህ? ጥርሱን ራሱ አልሠራው!»

አያ ጥላዬ ይህን ብለው ወንበራቸውን አንሥተው ከዘላለም በስተኋላ አስቀመጡት። ቄስ ሙላቴም የራሳቸውን ይዘው ከአድማሱ ጎን ተቀመጡ። ሃያ ዓመት ያስታረቁ ሽማግሌዎች በአንድ ጠዋት አንዱ ኤልፍ፣ አንዱ ኦርክ ሆነው ተለያዩ። ወይዘሮ እመቤቴ ለሁለቱ ያዘጋጁትን ሽሮ ለየብቻ አቀረቡ፤ በአንድ ገበታ አንቀመጥም ብለዋልና። ሊወጡ ሲሉ ብቻ በአንድ ነገር ተስማሙ። ጦርነቱን ማን እንደጀመረው፣ ንጉሡም በምን ሁኔታ እንደሞቱ በዚህ አኳኋን አይታወቅም፤ አርብ አውጫጭኝ ይጠራ።

አውጫጭኝ ማለት ጥፋተኛው ሳይታወቅ ሲቀር ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አንድ በአንድ እየተነሣ፣ በመስቀል ፊት ምሎ፣ ያየውንና የሰማውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው። ፍየል ሲጠፋ ይጠራል፣ ክምር ሲቃጠል ይጠራል። ለኤልፍ ሲጠራ ግን የመጀመሪያው መሆኑን እኔም እምላለሁ።

ሠናይት ሐሙስን ሳትበላ ዋለች። ሰውን መዋሸት አንድ ነገር ነው፤ በካርቶን ጀርባ ሃያ ማለት ቀላል ነው። በንስሐ አባቷ መስቀል ላይ እጇን ጭና «አላውቅም» ማለት ግን አትችልም፤ እንደማትችልም ታውቀዋለች። እውነቱን ከተናገረች ደግሞ ወንድሟ ዘላለምን ይምርና እሷን ግን ዕድሜ ልኩን አይምራት ይሆናል። በየትም በኩል ብታስበው እሑድ ይጠፋባታል።

አርብ ጠዋት ሠላሳ የሚሆን ሰው ግቢውን ሞላው። የቀረ ይጠረጠራልና ማንም አልቀረም። ወይዘሮ ጌጤ ቀድማ ተነሣች። በዕድሜዋ ኦርክ የሚባል አይታ እንደማታውቅ፣ ሰፈሩ ውስጥም ገብቶ ቢሆን ውሻዋ ይጮህ እንደነበር ምላ ተቀመጠች። ቀጥሎ ባጃጅ የሚነዳው ሙሉቀን ተነሣ።

«እኔ አንድ አሳፍሬያለሁ» አለ።

ሰዉ ሁሉ ጠጋ ጠጋ አለ።

«ባለፈው ሳምንት ነው። የታች ጥርሱ ወጣ ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ። መናኸሪያ አድርሰኝ፣ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ልታጠብ ነው አለኝ። ወገቡን ያመው ነበር።»

«አረንጓዴ ነበር?» አሉ ቄስ ሙላቴ።

«ሹራቡ አረንጓዴ ነበር።»

«ጥርሱ ስለወጣ ብቻ ሰውን ኦርክ አንለውም» አሉ አያ ጥላዬ ቆጣ ብለው፤ ሙሉቀንም ማስረጃው ውድቅ ሆኖበት ተቀመጠ።

ቤዛዊት ተነሣች። ንጉሡ ሲሞት የት እንደነበረች ተጠየቀች።

«ድልድዩ ሥር» አለች።

«ምን ትሠሪ ነበር?»

«ድንክ ነኝ አባቴ፣ በጨዋታው። ቢራ እየጠጣሁ ነበር።»

«የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምር አይደለሽም እንዴ አንቺ?»

«በጨዋታው ነው እኮ አባቴ!»

«በጨዋታውስ ቢሆን ማን ጠጪ አለሽ?» አሉ ቄስ ሙላቴ፤ አርባ ስግደት ሰጧት።

የዘላለም ተራ ደረሰ። ከበሩ ሲገባ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው፤ ድንጋይ ተሸክሞ ነበርና። በአገሩ ሥርዓት በዳይ ሲማለድ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ይንበረከካል፤ ባለ ደሙ ይቅር እስኪለው አያወርድም። ዘላለም የመረጠው ድንጋይ አንድ ጥጃ ያህል ይከብዳል። እያለከለከ አድማሱ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ገድያለሁ» አለ። «ጨዋታ ነው ብዬ መከራከር እችል ነበር። ግን ሠናይትን እፈልጋታለሁ፤ ክርክር አልፈልግም። ይቅር በለኝ።»

ቄስ ሙላቴ ጾመኞቹን ረስተው አይናቸው እንባ አቀረረ። አያ ጥላዬ የዘላለምን ጀርባ እያዩ «የሚያነሣህ ባለ ደሙ ነው፤ እኛ አንችልም» አሉ። አድማሱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።  የዘላለም አንገት ጅማት ተገተረ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ።

«የቀረሽው አንቺ ነሽ ልጄ» አሉ ቄስ ሙላቴ መስቀላቸውን ወደ ሠናይት ዘርግተው። «ያየሽውን ተናገሪ።»

ሠናይት እጇን መስቀሉ ላይ ጫነች። መስቀሉ ይቀዘቅዛል።

«ዳይሱ ሦስት ነበር» አለች። «ሃያ ያልኩት እኔ ነኝ። ዘላለም አልገደለም። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ማንም ምንም አልገባውም። ከሦስቱ ተጫዋቾች በቀር ግቢው ውስጥ ሦስት ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። ቤዛዊት አፏን ከፍታ ቀረች።

«ሦስት ማለት?» አሉ አያ ጥላዬ።

«ሰይፉ ሳተ ማለት ነው።»

«ሰይፉ ከሳተ...» አያ ጥላዬ ጣታቸውን አነሡ። ፊታቸው ቀስ በቀስ በራ። «ሰይፉ ከሳተማ ንጉሡ አልሞቱም! በሕይወት አሉ!»

ወይዘሮ ጌጤ እልል አለች። ማክሰኞ ያለቀሰችውን ያህል አርብ እልል አለች። ሰዉ ተቀበላት። ቄስ ሙላቴ «ተመስገን!» አሉ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው አያ ጥላዬን አቀፏቸው። ሁለቱም ስለ ግጦሹ በኋላ እንነጋገራለን ተባባሉ። የዕድሩ ሊቀ መንበርም ድንኳኑ ለሠርጉ እንዲሆን እዚያው ወሰነ።

አድማሱ ግን እህቱን ብቻ ነበር የሚያየው። ንጉሡ ስለኖረለት ፊቱ ለአፍታ በርቶ ነበር፤ ያ ብርሃን ተመልሶ ጠፋ።

ሠናይት ዘላለም አጠገብ ተንበረከከች። ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ በሁለት እጇ ገፍታ ወደ ራሷ ማጅራት አሻገረችው። ዘላለም «ተይ እንጂ!» ቢልም አልሰማችውም። ክብደቱ ግንባሯን ወደ መሬት አስጎነበሳት። ሰዉ እልልታውን አቆመ።

«ለምን?» አለ አድማሱ።

ይህን ጊዜ መልሱ ነበራት። ሳምንቱን ሙሉ ሳታውቀው ስትፈልገው የነበረ ነገር፣ ድንጋዩ ሲጫናት አፏ ላይ መጣላት።

«አባዬ ከሞተ ጀምሮ አንድ ቀን እንቢ ብዬህ አላውቅም ጋሼ። ፋርማሲ ተማሪ አልከኝ፣ ተማርኩ። ወደ ደብረ ታቦር ተመለሺ አልከኝ፣ መጣሁ። ዘላለም ሽማግሌ ሲልክ እሺ ያልከው አንተ ነህ፤ ደስ ብሎኛል። ግን ማታ ተኝቼ ሳስበው፣ እንቢ ብትል ኖሮ እቀር ነበር። እወደዋለሁ፣ እቀር ነበር። ይህ አስፈራኝ። አንድ ቀን እንኳ ስትሸነፍ ማየት ፈለግሁ። ስትሸነፍ ካላየሁህ ከዚህ ቤት የምወጣ አልመሰለኝም።»

ወይዘሮ እመቤቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።  አድማሱም ተንበረከከ። ሠናይት ጎንበስ እንዳለች የምታየው ጉልበቱንና ያልተላጨ አገጩን ብቻ ነበር።

«እኔኮ ንጉሥ የምሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ድንጋዩን ከማጅራቷ አነሣው። ከብዶት ሊወድቅ ሲል ዘላለም በአንድ በኩል ያዘለት፤ ለሁለት መሬት አስቀመጡት። አድማሱ እጁን አራገፈና ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ።

«ሞቷል» አለ።

«ማን?» አሉ አያ ጥላዬ።

«ንጉሡ። ሞቷል።»

«ኧረ አልሞቱም! በመሐላ የተረጋገጠ ነገር እኮ ነው! በሕይወት ያለ ሰው እንዴት ሞተ ይባላል?»

«የኔ ንጉሥ ነው አያ ጥላዬ፤ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ቅዳሜ ሞቷል፤ እዚሁ ሳሎን። ደሙን ከማንም አልጠይቅም።»

አያ ጥላዬ ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ። ቄስ ሙላቴ ክንዳቸውን ጎሸም ሲያደርጓቸው መልሰው ገጠሙት። ሠናይት ወንድሟን አንገቱን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች፤ ከንግግሯ ይልቅ ይህ ቀለላት። እሱ በአንድ እጁ ጀርባዋን እየመታ በትከሻዋ ላይ ዘላለምን አየው።

«እሑድ በስንት ሰዓት ነው የምትመጡት?»

«በአራት ሰዓት» አለ ዘላለም ማጅራቱን እያሸ።

«በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ» አለ አድማሱ። «ቶሎ አላስገባህም።»